ሁለት መምህር፣ አንድ ጥያቄ፦ የትምህርት ዓይነቶችን አቀናጅቶ ለማስተማር

ሒሳብ ላይ ግራፍ ሲሠራ ጎበዝ የነበረ ልጅ፣ ያው ግራፍ ሳይንስ ክፍል ሲመጣበት ይደናገራል። «ይሄ እኮ የሒሳብ ነው ቲቸር» ብሎ የሚከራከርም አለ። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ሒሳብን ከሒሳብ ደብተር፣ ሳይንስን ከሳይንስ ደብተር እንዳያወጣ ያስለመድነው እኛው ነን። ደወል ሲደወል አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ያወቀውም ከደብተሩ ጋር አብሮ ይዘጋል።

የተቀናጀ ትምህርት የሚባለው ለዚህ ችግር የመጣ መላ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የትምህርት ዓይነቶች አንድ ጥያቄ ይዘው አብረው ይሠሩበታል። አዲስ ፋሽን አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሊቅ ጆን ዲዊ ከመቶ ዓመት በፊት ሲሟገትለት ነበር። የእሱ ተማሪ የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክም እ.ኤ.አ. በ1918 ልጆች አንድ ተግባራዊ ሥራ እየሠሩ ስለሚማሩበት የፕሮጀክት ዘዴ ጽፎ በሰፊው እንዲታወቅ አድርጓል። ዛሬ ሐሳቡን ፊት ለፊት የሚቃወም መምህር እምብዛም አይገጥማችሁም። የሚያስቸግረው አሠራሩ ነው።

መጀመሪያ ምን እንዳልሆነ እንነጋገር። «የዚህ ወር ርዕሳችን ውሃ ነው» ይባላል። የቋንቋ መምህሯ ስለ ውሃ ግጥም ታጽፋለች። የሥዕል መምህሩ ወንዝ ያስላል። የሒሳብ መምህሩ ድሮ ስለ ዘይት የነበረችውን ጥያቄ «አንድ በርሜል 200 ሊትር ውሃ ቢይዝ» ብሎ ይቀይራታል። ግድግዳው ላይ ብዙ ሰማያዊ ወረቀት ይለጠፋል። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ መጥፎ ነገርም አይደለም። ግን ግጥሙ ያለ ሒሳቡ፣ ሒሳቡም ያለ ግጥሙ ምንም አይጎድልበትም። ይህ ጎን ለጎን መቀመጥ እንጂ መቀናጀት አይደለም። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዋ ሄይዲ ሄይስ ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1989 ካስጠነቀቀቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ከየትምህርቱ ትንሽ ትንሽ ቆንጥሮ ቀላቅሎ መተው።

ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ስትሠሩ አንዲት መፈተኛ በእጃችሁ ትኑር። ከሥራው ላይ አንዱን የትምህርት ዓይነት በሐሳባችሁ አውጡት። ሥራው ሳይበላሽ ከቀጠለ ቅንጅት የለም።

1. ዓመታዊ ዕቅዶቻችሁን ጎን ለጎን ዘርጉ

አንድ ትልቅ ወረቀት ፈልጉ። ከላይ ወደ ታች የትምህርት ሳምንታቱን ጻፉ። ከግራ ወደ ቀኝ የትምህርት ዓይነቶቹን ደርድሩ። ከዚያ እያንዳንዱ መምህር በየሳምንቱ የሚያስተምረውን ምዕራፍ በአጭሩ ያስገባል። ርዕሱን ብቻ ጽፎ መተው ግን አይበቃም። ልጁ በዚያ ሳምንት ምን መሥራት እንደሚችል፣ ማለትም ክህሎቱን፣ በሌላ ቀለም ጨምሩበት። «እንፋሎት» ብሎ መጻፍ ለሒሳብ መምህሩ ምንም አይነግረውም። «የሙቀት መጠን በየደቂቃው እየለኩ በግራፍ ማስቀመጥ» ከተባለ ግን ወዲያው ነገሩ ይገባዋል።

ወረቀቱ ሲሞላ ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ጥምርታና መቶኛ በሒሳብም በሳይንስም እንደ አዲስ ይጀመራል። የካርታ ስኬል ጂኦግራፊ ላይ ይሰጣል፤ ሒሳብ ላይም «ተመሳሳይ ምስሎች» ተብሎ ይመጣል።

ሁለተኛው ከጊዜው ቀድሞ የሚፈለግ ትምህርት ነው። የሳይንስ መምህሯ ግራፍ የምትፈልገው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ሒሳብ ላይ ግራፍ የሚደርሰው ግን በሃያኛው። ስለዚህ የራሷን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሰውታ ግራፍ ታስተምራለች። ከአሥራ አምስት ሳምንት በኋላ የሒሳብ መምህሩ ያንኑ ይደግመዋል።

ሦስተኛው የሚጋጭ ነገር ነው። አንዱ መምህር «ግራፍ ላይ ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ» ይላል። ሌላዋ «በነጥቦቹ መሃል የሚያልፍ አንድ ቀጥታ መስመር ሥሩ» ትላለች። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ልጁ ግን ለምን እንደሚለያዩ የነገረው የለም፤ አንዱ መምህር ተሳስቷል ብሎ ይደመድማል።

ብዙ ጊዜ ይህ ወረቀት ብቻውን ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ሁለት ምዕራፍ ተቀያይረው ቅደም ተከተል ካስተካከሉ፣ ሌላ ምንም ሳይሠሩ ልጁ ይጠቀማል። የትምህርት ባለሙያዋ ሮቢን ፎጋርቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ትምህርት የሚቀናጅባቸውን 10 መንገዶች ስትዘረዝር ይህን ቅደም ተከተል የማስማማት ዘዴ አንድ ብላ ቆጥራዋለች። እኔን ብትጠይቁኝ ጀማሪዎች ከሱ ቢጀምሩ ይሻላል። ወጪ የለውም። ስብሰባም አያበዛም።

2. ትንሽ አድርጋችሁ ጀምሩ

ሁለት የትምህርት ዓይነት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ክፍል። በቃ። «ትምህርት ቤቱ በሙሉ፣ ስምንቱም የትምህርት ዓይነት፣ ለአንድ ሴሚስተር» የሚል ዕቅድ ከሰማችሁ በትሕትና ወደ ኋላ በሉ። አብሯችሁ የሚሠራውንም ሰው ምረጡ። ርዕሱ ምንም ቢያምር፣ በሻይ ሰዓት አሥር ደቂቃ የማትነጋገሩት መምህር ጋር ቅንጅት አይሠራም።

3. ለብቻው የማይመለስ ጥያቄ ፈልጉ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አፍሱት።

ርዕስ ጥያቄ አይደለም። «ውሃ» ርዕስ ነው። «በዓለም ላይ ስንት ውሃ አለ?» ጥያቄ ነው፤ ግን ስልክ ያለው ልጅ በአንድ ደቂቃ ይመልሰዋል። «በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በዓመት ስንት ሊትር ያባክናል?» ሻል ይላል። ግን ይሄንን የሒሳብ መምህሩ ብቻውን ይጨርሰዋል። አሁን ይህን እዩት፦

«ትምህርት ቤታችን ውስጥ ውሃ የሚባክነው የት የት ነው? መጠገን ያለበትስ መጀመሪያ የትኛው ነው?»

ይህን ለመመለስ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይንስ ነው። ከደቂቃ ወደ ቀን፣ ከቀን ወደ ዓመት ማስላት ያስፈልጋል፤ ይህ ሒሳብ ነው። ቧንቧዎቹን በካርታ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ለጥገና ኃላፊው የሚያሳምን ደብዳቤ መጻፍ አለ፤ ይህ የቋንቋ ነው። አንዱን አውጡትና ሥራው ይቆማል። ደግሞ የእውነት ነው። ቧንቧው እዚያው ግቢ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ መልሱም መጽሐፍ ጀርባ ላይ አልተጻፈም።

ከፍ ላሉ ክፍሎች ከታሪክ የሚነሳ ጥያቄም ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባና ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን ውሃውን ጠረጠረ። ሟቾቹ የት ይኖሩ እንደነበር ተከታትሎ መዘገበ። በካርታ ላይ ሲያስቀምጣቸው ብሮድ ጎዳና ላይ በነበረ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ታዩ። እዚያው አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ከፓምፑ አይጠጡም ነበር፤ በሽታውም አልጎዳቸውም። የፓምፑ እጀታ ሴፕቴምበር 8 ቀን ተነቀለ። በዚያን ጊዜ ግን ወረርሽኙ በራሱ መቀነስ ጀምሮ ነበር።

ጥያቄው እንግዲህ፦ «በ1854 በነበረው ማስረጃ ብቻ ስኖው ትክክል መሆኑን ማሳመን ይቻል ነበር?» ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ታሪክ አብረው ካልገቡ መልስ የለም። ያቺ እጀታ ከመነቀሏ በፊት ወረርሽኙ መቀነሱ ደግሞ ጥያቄውን ታከብደዋለች። ለጎበዞቹ ተማሪዎች ተዉላቸው፤ ይጨቃጨቁባት።

4. ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ዕቀዱ

ልጆቹ በመጨረሻ ምን ያስረክባሉ? ይህን መጀመሪያ ወስኑ። ለቧንቧው ሥራ አንድ ካርታ፣ አንድ የስሌት ገጽና አንድ ደብዳቤ በቂ ነው። የትምህርት ባለሙያዎቹ ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስፋፉት ከውጤት ወደ ኋላ የማቀድ ዘዴ ለዚህ ሥራ በደንብ ይመቻል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ መምህር ከራሱ መርሐ ትምህርት ሁለት ዓላማ ብቻ ይምረጥ። አዲስ ዓላማ አትፍጠሩ። መርሐ ትምህርቱ ውስጥ ያለውን ውሰዱ፤ ለዚያ ሳምንት የተመደበውን ክፍለ ጊዜም አብራችሁ ውሰዱ። እንዲህ ካልሆነ ቅንጅቱ በነበረው ሥራ ላይ የተጫነ ሌላ ሥራ ይሆናል። «መርሐ ትምህርቱን አንጨርስም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሲመጣም ተገቢ ነው።

ለምሳሌ ሳይንስ፦ የፈሳሽ መጠን በትክክል መለካት፣ የመለኪያ ስህተት ከየት እንደሚመጣ መግለጽ። ሒሳብ፦ መለኪያዎችን መቀየር፣ ፍጥነትን ከጊዜ ጋር አባዝቶ ጠቅላላ መጠን ማግኘት። ቋንቋ፦ ሐሳብን በማስረጃ ማስደገፍ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ። ወረቀት ላይ ጻፉትና ሁላችሁም ፈርሙበት። መፈረሙ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ «እኔ እኮ የመሰለኝ…» የሚለውን ነገር ያስቀራል።

5. ክፍለ ጊዜዎቹን አውጡ

ሁለቱን ሳምንት በቀን በቀን ከፋፍሎ መደርደር የእናንተ ፋንታ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ግን ቀረብ ብለን እንይ፤ ቅንጅቱ በእርግጥ የሚገጥመው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነውና።

ልጆቹ በቡድን ሆነው ወደሚንጠባጠብ ቧንቧ ሄደዋል እንበል። አንድ ቡድን ጠብታ ይቆጥራል። በደቂቃ 60 ያገኛሉ፤ በሰከንድ አንድ ማለት ነው። አንዱ ልጅ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር እንደሆነ ከመድኃኒት ጠርሙስ መንጠብጠቢያ ያውቃል። ያሰሉታል። በደቂቃ 3 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4.32 ሊትር።

ሌላው ቡድን ግን አልቆጠረም። ከሥሩ ዕቃ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ጠበቀ፤ የተጠራቀመውን በመለኪያ ሲሊንደር ሲለካው 150 ሚሊ ሊትር ሆነ። በደቂቃ 15፣ በቀን 21.6 ሊትር። ያው ቧንቧ፣ ያው ቀን፣ አምስት እጥፍ ልዩነት!

እዚህ ላይ መምህሩ አፉን ይያዝ። «የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ። መጀመሪያ ሁለቱም ቡድን ስሌቱን ደግሞ ይሠራል፤ ስህተት የለም። ሒሳቡ ልክ ሆኖ መልሱ ሊለያይ እንደሚችል ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ያኔ ነው። ቀስ በቀስ አንዱ ጠብታዎቹ እኩል መሆናቸውን ይጠራጠራል። ከዚያ ሳይንሱ ይገባል። ጠብታው ቧንቧው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆየው በውሃው የገጽ ውጥረት ነው፤ ይህም የውሃውን ገጽ እንደ ስስ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘው ኃይል ነው። ክብደቱ ከዚያ ሲበልጥ ይወድቃል። የመድኃኒት መንጠብጠቢያ አፉ ጠባብ ስለሆነ ጠብታው ትንሽ ነው። የቧንቧው አፍ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ጠብታ ይሸከማል። የዚህኛው ጠብታ 0.25 ሚሊ ሊትር መሆኑን ራሳቸው 150ን ለ600 አካፍለው ይደርሱበታል።

አሁን በዓመት ያለውን ያስሉት። በመጀመሪያው ስሌት 1,577 ሊትር ገደማ፣ በሁለተኛው 7,884 ሊትር። ደብዳቤው ላይ የትኛውን ይጻፉ? ለምን? ይህ ጥያቄ የቋንቋ መምህሯ ክፍል ውስጥ ሲደርስ ከሥነ ጽሑፍ ያልተናነሰ ክርክር ያስነሳል። «ብዙ ውሃ ይባክናል» ብሎ የጻፈ ልጅና «በ10 ደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር ለክተናል፤ ይህ በቀን 21.6 ሊትር ይሆናል» ብሎ የጻፈ ልጅ ልዩነታቸው ቁጥር ማስገባት አለማስገባት ብቻ አይደለም። ሁለተኛው እንዴት እንዳወቀ ተናግሯል። አንባቢው ሄዶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ካርታውን አታክብዱት። ልጆቹ ግቢውን በሜትር ወይም በተለካ እርምጃ ይለኩታል። 1፡500 ስኬል ጥሩ ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር 5 ሜትር ይሆናል። 120 ሜትር ርዝመት ያለው ግቢ 24 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። የሚያፈሱት ቧንቧዎች በክብ ምልክት ይደረግባቸው፤ ብዙ የሚያፈሰው ትልቅ ክብ ይሁንለት። ክቡ በስፋቱ ነው ወይስ በዲያሜትሩ የሚያድገው? ሒሳብ መምህሩ ካለ ይህን ይጠይቃቸው። ዲያሜትሩን እጥፍ ካደረጉት ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆንና ካርታው ይዋሻል።

6. ፕሮግራሙን አስማሙ

ሁለት መምህር አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መግባት ከተቻለ ደስ ይላል። ብዙ ቦታ ግን አይቻልም፤ ሁለቱም ሌላ ክፍል አላቸው። አይጨንቃችሁ። ከነበረው ፕሮግራም ሁለቱ ትምህርቶች ተከታትለው የሚውሉበትን ቀን ምረጡ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥል። ለዚህ ደግሞ ልጆቹ አንድ የጋራ ደብተር ይያዙ። የሳይንስ ልኬቱ፣ የሒሳብ ስሌቱ፣ የደብዳቤው ረቂቅ በአንድ ደብተር ውስጥ ይግባ። ተራ ነገር ይመስላል። ግን የሒሳብ መምህሩ ደብተሩን ገልጦ ትናንት ሳይንስ ላይ የተለካውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ልጆቹ መምህራኖቻቸው እንደሚነጋገሩ ይገባቸዋል። አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ።

በታችኛው ክፍል ሁሉንም የምታስተምሩ ከሆነ ይህ ክፍል አይመለከታችሁም። እንኳን ደስ ያላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳትስማሙ አትግቡ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ማስረጃ የሚለው ምንን ነው? ሒሳብ ውስጥ ሦስት ምሳሌ መስጠት ማረጋገጥ አይደለም። ሳይንስ ውስጥ ልኬቱ ተደግሞ ተቀራራቢ ውጤት ከሰጠ ጥሩ ማስረጃ ነው። ታሪክ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ትልቅ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ለምን ተብሎ ይመረመራል። ቅንጅት ማለት ይህን ልዩነት ማጥፋት አይደለም። እንዲያውም ልጁ ልዩነቱን ከመቼውም በላይ አጥርቶ የሚያየው ያን ጊዜ ነው። የስኖውን ጉዳይ የሠራ ክፍል የሚጨቃጨቀው በዚሁ ነው፤ ካርታው ለጂኦግራፊ መምህሩ ሲበቃው ለባዮሎጂ መምህሯ አይበቃትም። በዚያን ጊዜ ኮሌራን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው እምብዛም አልነበረማ።

7. ሥራው አንድ፣ ማርኩ ለየብቻ

የተቀናጀ ሥራ በብዛት የሚበላሸው እርማት ላይ ነው። ካርታው ያምራል፣ ቀለሙ ደምቋል፣ ደብዳቤው ይፈሳል። ስሌቱ ግን ስህተት ነው። «ከ20፣ 17» ተብሎ አንድ ማርክ ይሰጥና ልጁ ሒሳቡን እንዳልቻለ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር የመረጣቸውን ሁለት ዓላማዎች ብቻ ያርም፤ ማርኩንም በራሱ መዝገብ ላይ ያስፍር። መስፈርቱን ሥራው ሳይጀመር ለልጆቹ ስጧቸው። በሒሳብ «መለኪያውን በትክክል ቀይሯል፤ ሌላ ሰው ሊከተለው በሚችል መንገድ አሳይቷል» የሚል መስፈርት «ጥሩ ስሌት» ከሚለው ብዙ ይሻላል።

ከዚያ አንድ የጋራ ጥያቄ ጨምሩ። «ከሁለቱ ትምህርቶች አንዱን ብቻ ብታውቅ ኖሮ የት ላይ ትቆም ነበር?» በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይመልሱት። ቅንጅቱ ሠርቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚህ መልስ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

የቡድን ሥራ ላይ አንዱ ሠርቶ አራቱ ስማቸውን ማጻፋቸው የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ለየብቻ የምትሰጥ አጭር ፈተና ናት። ግን ያንኑ ቧንቧ አትጠይቁ፤ ሌላ ነገር አምጡ። «የመጸዳጃ ቤት ታንከር በ2 ደቂቃ 1 ሊትር ያፈሳል። በቀን ስንት ያባክናል? ልኬቱን ትጠራጠራለህ? ለምን?» 720 ሊትር ያለ ልጅ ሒሳቡን ይዟል። «ስንት ጊዜ ተለካ?» ብሎ መልሶ የጠየቀው ደግሞ ሳይንሱን።

8. ተቀመጡና አውሩ

ሥራው ባለቀ ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የትኛው ዓላማ ተሳካ፣ ጊዜ የበላው ምንድን ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይቀየር። ጻፉትና ከዕቅዱ ጋር አያይዙት። በቃል ከቀረ ይረሳል።

ስለሚነሱ ጥያቄዎች

ወላጆች «ልጄ ፈተና ላይ ይጎዳል» ይላሉ። ርዕሳነ መምህራንም እንዲሁ። ይህ ስጋት ያረጀ ነው፤ የተፈተሸውም ድሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1941 በ30 ትምህርት ቤቶች በተካሄደው የስምንት ዓመት ጥናት፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ መስፈርታቸውን አላልተው ትምህርት ቤቶቹ ሥርዓተ ትምህርታቸውን እንደፈለጉ እንዲያዋቅሩ ተስማሙ። ብዙዎቹ ትምህርቶችን አቀናጁ። ከዚያ 1,475 ተመራቂዎች ከተለመደው ትምህርት ቤት ከወጡ አምሳያዎቻቸው ጋር፣ አንድ ለአንድ ተጣምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተነጻጸሩ። አልተጎዱም፤ በብዙ ነገር እንዲያውም በመጠኑ ተሻሉ። ልብ በሉ፤ መምህራኑ ዓመታት የፈጀ ዝግጅት አድርገዋል። ባንድ ሳምንት የተለጣጠፈ ፕሮጀክት ያንን ውጤት ያመጣል ማለት አይደለም።

«ፊንላንድ እኮ የትምህርት ዓይነቶችን አጠፋች» የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፊንላንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚጠይቀው እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ቢያንስ አንድ የተቀናጀ የትምህርት ክፍል እንዲያገኝ ነው። ሒሳቡም ታሪኩም በየስማቸው አሉ። በብዙ አገሮች የሚሰጠው የኢንተርናሽናል ባካሎሬት የመካከለኛ ደረጃ ፕሮግራምም የሚጠይቀው በዓመት ቢያንስ አንድ ነው። በዓመት አንድ! እኛ ደግሞ አንዳንዴ በየሳምንቱ ካልሆነ ብለን ራሳችንን እናደክማለን።

ሁሉም ነገር መቀናጀት የለበትም። ክፍልፋይ መደመርን የሚለማመድ ልጅ ልምምድ ነው የሚያስፈልገው፤ ፊደል እየቆጠረ ያለም እንዲሁ። የማባዛት ሠንጠረዥን ከቅኝ ግዛት ታሪክ ጋር ለማዛመድ የሚደረግ ትግል ሁለቱንም ያበላሻል። አንድ ርዕስ ከሌላው ጋር በግድ እየተጎተተ እንደሆነ ከተሰማችሁ ተዉት። ለብቻው በደንብ ይማር።

አጋር ከሌላችሁስ?

ብቻችሁንም መጀመር ትችላላችሁ። ክፍላችሁ ውስጥ የሚያስተምሩትን የሌሎች መምህራን መማሪያ መጽሐፍ ተዋሱና በዚህ ሳምንት የደረሱበትን ምዕራፍ አንብቡ። ልጆቹንም ጠይቋቸው፤ «ትናንት ሒሳብ ላይ ምን ተማራችሁ?» ከዚያ በራሳችሁ ትምህርት ውስጥ ያንን ነገር የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አዘጋጁ። ታሪክ የምታስተምሩ ከሆነና ልጆቹ መቶኛ ላይ ከደረሱ፣ የሕዝብ ቁጥር ለውጥን በመቶኛ አስልተው ምን እንደሚያሳይ ይከራከሩበት። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ሥራው ጥሩ ከሆነ የልጆቹን ደብተር ይዛችሁ ወደ ሒሳብ መምህሩ ሂዱና አሳዩት። ዕቅዶቹን አብሮ ለመዘርጋት ያኔ ብትጠይቁት እሺ የማለት ዕድሉ ይሰፋል።